ውሃው የት ይሄዳል?

ሰፈሩ «ምላሳሟ» የሚላት ልጅ ከመኪና ጥገና ማሠልጠኛው ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ አንዲት ሰማያዊ ታክሲ ቆማ አየች። ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎላል። ጎረቤቷ ሽማግሌው ሾፌር እርጥብ ጨርቅ እጃቸው ላይ ጠቅልለው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ ጎንበስ ብለዋል።

«ጋሼ! እጅዎን ያንሱ! ፊትዎን ሊቀቅሉት ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ደንግጠው ክንዳቸውን ሰበሰቡ። «ደግሞ አንቺ ከየት ዱብ አልሽ? መንዳት ስጀምር እኮ አልተወለድሽም። ክዳን አከፋፈት ከአንቺ ልማር?»

«መንዳቱንማ ማን ይችልዎታል! ግን ውስጡ እንፋሎት ታምቋል። እንደጋለ ከከፈቱት ፈልቶ ፊትዎ ላይ ነው የሚወጣው። እስኪበርድ ቁጭ እንበል።»

ቁጭ አሉ፤ አምነው ሳይሆን ደክሟቸው።

«ጠምቷት ነው» አሉ፣ ታክሲዋን በስስት እያዩ። «ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ውሃ አጠጣታለሁ። ዛሬ ቸኩዬ ረሳኋት።»

«በየቀኑ ነው የሚያጠጧት?»

«በየቀኑ! እንደ ልጄ ነው የማያት።»

«እና ውሃው የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል ይባላል? ትጠጣዋለቻ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ መኪና ሽንት ቤት ስትሄድ አይተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቅ ቀደማቸው። «ይህን ምላስሽን በመቀስ የሚያሳጥርልሽ ሰው ይጥፋ!»

«ይሳቁ ግድ የለም። ውሃው ሞተሩ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይወስዳል፣ ራዲያተሩ ጋ ሄዶ ይበርዳል፣ ተመልሶ ይገባል። እዚያው የሚዞር ነገር ከጎደለ፣ በሆነ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። እርስዎ በየቀኑ እየሞሉ ቀዳዳውን ደበቁት።»

«ተይ እንጂ! የምትሄድ መኪና አትነካካም። አንዱን ሲፈቱ ሌላው ይበላሻል።»

«ሄዳለች እንዴ? ቆማለች እኮ!»

ሽማግሌው እርጥቡን ጨርቅ አጣጠፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ ልጄን ከሆስፒታል የማመጣት በዚህችው ነው» አሉ። «የመጀመሪያ የልጅ ልጄ! አያቷ ራሱ ነድቶ ቤቷ ካላስገባት ምኑን አያት ሆነ?»

«እንዲህ ሆና ከመጣችማ አራሷን ከነጨቅላዋ እዚሁ ዳገት ላይ ፀሐይ ያስመቷቸዋላ!»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ምላሳሟ ራሷ ደነገጠች። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ዳገቱን ሽቅብ አዩት፣ ታክሲዋን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ።

«እሺ፣ ምን ይደረግ?» አሉ።

ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑን ከፍተው ውሃ ሞሉና ቀስ እያሉ ግቢያቸው ገቡ። ምላሳሟ ሞተሩን ሳታስጠፋ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን ዘረጋች። ጥቂት ቆይቶ ጠብ አለ። ደገመ። ሽማግሌው ተንበርክከው እርጥቡን በጣታቸው ነኩት።

«አየሽ ወይ ሌባውን!» አሉ፤ አሁን ንዴታቸው ከልጅቷ ወደ ጠብታው ዞሯል።

ሞተሩን አጥፍተው እስኪበርድ ጠበቁ። የራዲያተሩ የታችኛው የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ነጭ ዝቃጭ ጋግሯል፤ ስትጨምቀው እንደ በሰለ ሙዝ ሰመጠ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውም፣ ላልቷል።

«ይሄ ሲላላ እኮ ያፏጫል። አልሰሙትም?»

«ኧረ ሰምቻለሁ።» ሽማግሌው አንገታቸውን ሰበሩ። «ሬዲዮውን ከፍ ሳደርገው ግን ይጠፋል።»

ምላሳሟ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እሳቸውም አልቀሩ። ከዚያ አዲስ ቱቦ ገዝተው መጡ፤ እሷ አሰረች፣ ቺንጋውን ወጠረች፣ የዛገውን ውሃ አፍስሳ ዝገት የሚከላከለውን ኩላንት ሞላች። ሽማግሌው ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ደግነው አዳመጡና፣ «ፉጨቷን ተወች» አሉ፤ ያንን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

በማግስቱ ምላሳሟ በር ላይ ቆማ ጥፍሯን በላች። አፏ ትልቅ ነው እንጂ እጇ ገና ተማሪ ነው፤ ቱቦው ቢያፈተልክስ?

ታክሲዋ ዳገቱን ጨርሳ ብቅ አለች። እንፋሎት የለም፣ ፉጨት የለም፣ ሬዲዮም የለም። የሚሰማው የጨቅላ ለቅሶ ብቻ ነው።

«የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም!» አሉ ሽማግሌው ገና ሳይወርዱ። «ጠዋት ሳትሞቅ ከፍቼ አየሁ፣ ውሃዋ ሙሉ። ቱቦዋን ጨመቅሁ፣ ቺንጋዋን ጫን ጫን አደረግሁ፣ ሥሯን አየሁ፣ ደረቅ። ይኸው ነው፤ ፊቴን ከማጠብ አይበልጥም። ተራ ላይ ላሉት ጓደኞቼም እነግራቸዋለሁ፤ ሁሉም ጆግ ይዘው ነው የሚዞሩት!»

እውነታቸውን ነው። ሞተር ከተቃጠለ በኋላ ከሚመጣው ጣጣ፣ መንገድ ላይ ከመቅረቱና ከተቀቀለ ፊት ጋር ሲነጻጸር የጠዋቷ ፍተሻ ምን ትባላለች? ነገር የሚጠገነው ሳይብስ ነው፤ ሳይብስ የሚያገኘው ደግሞ የሚያይ ብቻ ነው።

ሽማግሌው ሕፃኗን ከእናቷ ተቀብለው ደረታቸው ላይ አቀፏት። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ፤ የረጠበ ሸሚዛቸውን ዝቅ ብለው አዩ።

«ምላሳሟ!» አሉ በኩራት። «ይህችኛዋስ የጠጣችው የት እንደሚሄድ አልደበቀችም!»