የወይዘሮ ዘነበች ጣውንት

ቅናት የወጣት በሽታ ነው የሚል ሰው ወይዘሮ ዘነበችን አያውቅም። ጥርሳቸው ረግፎ እንኳ አልለቀቃቸውም።

ያን ቀን ከአርብ ገበያ ንፋስ መውጫ ድረስ የመጡት ጠብ ፈልገው ነው። የልጅ ልጃቸው የፊልጶስ ሚስት፣ ማስተዋል፣ የወረዳ ዳኛ ሆና ሳለች «ሁለተኛ ዲግሪ እማራለሁ» ብላ አዲስ አበባ ስሙ የገነነ የሕግ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ማንን ቢያዩ ጥሩ ነው? ራሷን ማስተዋልን፤ ወደ አርብ ገበያ የሚሄድ መኪና ስትጠብቅ።

«እማማ! እኔ እኮ ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር!» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ተይው ጉልበቴን! ባልሽን ጥለሽ ልትሄጂ ነው አሉ።»

«ልጥለው አይደለም። ልጃችንን ልዕልትን መጥተው ከያዙልኝ እሄዳለሁ፤ ሕፃኗን የሚይዝልኝ ካጣሁ ግን ይቀራል። ይህንኑ ልለምንዎት ነበር።»

«እንግዲያ ይቅር! ዳኛ ሆነሻል፤ ሰው ሲያይሽ ከመቀመጫው ይነሣል። ከዚህ ወዲያ ምን ጎደለሽ?»

ማስተዋል ነጠላዋን አስተካክላ በትሕትና ጠየቀች። «ባለቤትዎ መሪጌታ ገብረ ሕይወት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድጓውን፣ ያን ሁሉ ዜማ ከዘለቁ በኋላ ለምን ደግሞ ወደ ቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ሄዱ?»

«ሊያስመሰክር ነዋ! ሊቃውንቱ ፊት ያላስመሰከረ ምን ብሎ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል?»

«የእኔም ማስመስከሪያዬ ነው፣ እማማ።»

አሮጊቷ በገዛ ገመዳቸው ተጠለፉ። ምላሰ ስለታም ሰው ሲረታ ደግሞ የልቡን ያወጣል።

«ስሚ፤ ድጓ ጣውንቴ ነበረች። ሌሊት ከእሷ፣ ቀን ከእሷ። ሰው ብትሆን ጠጉሯን በነጨሁት፤ የብራና ምኑ ይነጫል? እሱ ቤተ ልሔም ሲያዜም እኔ ገብስ ሳርም ከረምሁ። አንቺ ደግሞ በልጄ ላይ ይህን ውሽማ ልታመጪበት!»

ማስተዋል ልትስቅ ነበር፤ ዓይናቸውን ስታይ ተወችው።

«ሲመለሱስ የተማሩትን ነገሩዎት?»

«ለእኔ? አጥር ተደግፌ ድምፁን እሰማ ነበር እንጂ ማን ነግሮኝ!»

«እንግዲያ ያቃጠለዎት መሄዳቸው ብቻ አይደለም፤ ደጅ መቅረትዎ ነው። እኔ ፊልጶስንም እርስዎንም ደጅ አልተውም። የማጠናው ብቻቸውን የቀሩ ሴቶች መሬታቸውን እንዴት እንደሚያጡ ነው። መሪጌታ በሌሉበት የእሳቸው ወንድም ወሰን ገፍቶብዎት እንደ ከሰሱት ፊልጶስ ነግሮኛል። ያኔ ዳኛው ምን አለዎት?»

ወይዘሮ ዘነበች ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ ጫን አደረጉ።

«‹ባልሽ ይቅረብ› አለኝ። አፍ የለኝም? የማርመው እኔ፣ ወሰኑን የማውቀው እኔ! ባልሽ ይቅረብ!»

«ዛሬ ሕጉ ሴቷንም እኩል ያያል። ግን እኔ ራሴ ችሎት ላይ ተቀምጬ፣ ሕጉ እያለ ሴቷ ባዶ እጇን ስትመለስ አያለሁ። መብቷ በየት በኩል እንዳመለጣት ሳላውቅ እንዴት ልፍረድ?»

«የእኔን ነገር እዚያ ሊቃውንቱ መካከል ታወሪዋለሽ?»

«ከፈቀዱልኝ፣ በስምዎ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀና አሉ። ባላቸው የሚያስተምሩበት ወንበር አጠገብ እንኳ ያልተጠጉት ሴት ስማቸው ጉባኤ ሊገባ! ወዲያው ግን ተቆጡ። «እንዳታሳጥሪው! ደግሞም በየእሑዱ ደውለሽ የተማርሽውን ትነግሪኛለሽ። ሕፃኗን እኔ እይዛለሁ፤ ፊልጶስማ እንኳን ልጅ ካልሲውንም መያዝ አይችል!»

ማስተዋል ሄደች። አንድ አርብ አሮጊቷ አርብ ገበያ ብቅ ቢሉ፣ የአገር ቤት ጎረቤታቸው አዜብ ገበያ ላይ ገብስ እያስሰፈረች፣ «ምራትዎ ባሏን ጥላ ኮበለለች አሉ?» ብላ ነካካቻቸው።

ወይዘሮ ዘነበች የልዕልትን እጅ እንደያዙ ዞሩ። «ሄደች እንጂ አልኮበለለችም። ዳኛ ጠልቆ ሲማር ድሀ አይጉላላም፤ የመበለት ወሰን አይገፋም፤ ‹ባልሽ ይቅረብ› የሚል ችሎት ይቀራል። ያቺንም ልጅሽን ከትምህርት ቤት አስቀርተሽ ጌሾ ከምታስወቅጫት ላኪያት፤ ነገ የምትጮኽልሽ እሷ ናት።»

«አይ እርስዎ! ትናንት ሲረግሟት አልነበር?»

«ትናንት ቀንቼ ነበር። አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ እኔ በየእሑዱ ሕግ እማራለሁ።»