ለመስኮት የተሳልኩት ሙክት

ሳቁብኝ፣ ግድ የለም፤ እኔ ለአንድ መስኮት ሙክት ተስያለሁ። ጀርመን አገር በገባሁ በሳምንቴ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤቱ አፈነኝና ልክፈተው ብዬ የመስኮቱን እጀታ ወደ ላይ አዞርኩት። መስኮቱ ከነመስታወቱ ከላይ በኩል ተነቅሎ ወደ እኔ ዘመመ! በሁለት እጄ ደግፌው ቆምኩ። ብለቀው ይወድቃል፤ ከወደቀ አከራዩ ያባርረኛል፤ ከዚያ የት እገባለሁ? «የደብራችን ሚካኤል፣ ይህን መስኮት ብቻ ያዝልኝ፤ ሙክት አገባልሃለሁ!» አልኩና ጮኼ ሰው ተጣራሁ። በሬን እንደ አገሬ ገርበብ አድርጌው ነበርና ጎረቤቴ፣ አንዲት ባልቴት፣ ገቡ። አዩኝና ሁለቱንም እጄን ከመስኮቱ ላይ አላቀቁት። ዓይኔን ጨፈንኩ። መስኮቱ ንቅንቅ አላለም። ለካ ሲሠራም እንዲያ ነው፤ ሲፈልግ ወደ ጎን፣ ሲፈልግ ከላይ ዘንበል ብሎ ይከፈታል። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ መስኮት የሚሠራ?

ግራ ገባኝ። ላልተበላሸ ነገር የተሳሉት ስለት ይገባል ወይስ ይቀራል? አገር ቤት፣ ሞላሌ ደወልኩና አባቴን ጠየቅኳቸው፤ ቄስ ናቸው።

«ወደቀ?» አሉኝ።

«አልወደቀም አባቴ። ግን እኮ ድሮም አይወድቅም ነበር።»

«ስትሳል ይህን ታውቅ ነበር?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እንግዲያ ስለት ስለት ነው፤ ከበጎቼ መርጬ አገባልሃለሁ። አንተ ግን በጎቼ እንዳያልቁ ሌላውን መስኮት እንዳትነካብኝ!»