እብጠት ጉልበት አይደለም

ሰው ልማር ብሎ ተቀምጦ ከሚማረው ይልቅ ሳያስበው በቆመበት የሚማረው ይበልጣል። ታደገ የተማረው በአውቶቡስ ማቆሚያ ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1993፣ ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ታደገ በእስራኤል አገር ከቂርያት ጋት ገበያ ወጥቶ አውቶቡስ ሲጠብቅ ሽንኩርት የያዘው ከረጢት ከእጁ ሾልኮ ወደቀ። ሽንኩርቱ ተበተነ። ጎንበስ ብሎ ሊለቅም ቢሞክር ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። ሁለተኛውን ሲያነሳ የመጀመሪያው ይወድቅበታል።

«ይተዉት አያ ታደገ፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አለች አንዲት ልጅ ከኋላው።

ይሁዲት ናት። ከእነ ታደገ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ በሱዳን በኩል የመጣች፣ ትምህርቷን እዚሁ የተማረች፣ በጻባ፣ ማለት በጦሩ ውስጥ፣ ለወታደሮች ተኩስ ታስተምር የነበረች ናት። አሁን ደግሞ የተጎዳ እጅና እግር ስለሚታከምበት መንገድ ትማራለች። ታደገ ይህን ያውቃል። ሴት ልጅ ለወንድ ተኩስ ታስተምራለች ሲባል ግን እንደ ቀልድ ነበር የሚሰማው።

ልጅቱ ሽንኩርቱን ለቅማ ስትጨርስ እጁን አየች። የጣቶቹ አንጓዎች አብጠው ቀልተዋል።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነ። ጉልበት እየገባው ነው።»

«በእብጠት በኩል ነው ጉልበት የሚገባው?»

«መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ይህ የእኛ የብረት ሠሪዎች ነገር ነው። አንቺ አታውቂውም።»

ታደገ በጎንደር አገር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ሲሠራ ኖሯል። ምንሽር ጠመንጃ ተሸክሞ መንደር የጠበቀበት ዘመንም አለ። ቂርያት ጋት ከገባ ወዲህ ግን ለእጁ የሚሆን ሥራ አላገኘም። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስት ቦታ ሄዶ «ወጣት ነው የምንፈልገው» ብለው መልሰውታል። በኋላ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ያለ አንድ ፋብሪካ ሾሜር፣ ማለት የበር ጠባቂ፣ እንደሚፈልግ ሰማና ሄደ። ዕድሜህ ብዙ ነው ያለው አልነበረም። ሽጉጥ ተኩሶ ፈተናውን ይለፍ እንጂ ሌላው ግድ የለም አሉት።

ፈተናው ሠላሳ ጥይት ነው፤ ሃያ አራቱ ዒላማውን ማግኘት አለባቸው። ታደገ ያገባው አሥራ ስድስቱን ብቻ ነበር። ሽጉጡ በእጁ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ። ፈታኙ ሺሞን የሚባል ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም። «ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ትሞክራለህ። ያኔ ካላለፍህ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን» አለው። ከስድስቱ አንዱ ሳምንት አልፏል።

በዚህ አንድ ሳምንት ታደገ እጁን አላሳረፈም። ባልዲ አሸዋ ሞልቶ፣ ማንጠልጠያውን ትቶ፣ ጠርዙን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቀን አሥር ጊዜ። ማታ ማታ ክብ ድንጋይ ይጨምቃል። ሚስቱ አበቡ «ይህን ሰውዬ ምን ነካው?» እያለች ቅቤ ታሽለታለች።

አውቶቡሱ መጣ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጅቱ ጠየቀችው፤ እሱም ሁሉንም ነገራት። ለምን እንደነገራት ራሱም አላወቀም።

«አያ ታደገ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልበል?»

«በይ።»

«በዚህ ዓይነት ፈተናው ሳይደርስ እጅዎ ያልቃል።»

«ልጄ፣ እኔ ባልዲ አልፈለሰፍሁም። አባቴ በአሥር ዓመቴ የመዶሻ እጀታ ጫፉን አስይዞ ክንዴን ዘርግቶ ያቆመኝ ነበር። ባለቅስም አውርድ አይለኝም። በነጋታው እጄ ሲያብጥ፣ እሰይ፣ ጉልበት ገባው ይላል። እሱ ራሱ በሬ በቀንዱ ይዞ ያቆም የነበረ ሰው ነው።»

«ጉልበታቸውንማ አምናለሁ። ሲሸመግሉስ እጃቸው እንዴት ነበር?»

ታደገ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አባቱ በመጨረሻ ዘመኑ መቀነቱን እንኳ መፍታት አይችልም ነበር። ጣቶቹ እንደታጠፉ ቀሩ፤ እናቱ ነበረች የምታጎርሰው። በመንደሩ ይህን እንደ በሽታ የቆጠረው ሰው አልነበረም። የሽማግሌ ቀጥቃጭ እጅ እንዲያ ነው፤ አለቀ።

«እግዚአብሔር ያመጣው ነው» አለ።

«እግዚአብሔር ዕድሜ አመጣ። አንጓውን የጎዳው መዶሻው ቢሆንስ?»

አነጋገሯ ድፍረት ነበረበት። ቢሆንም ቃሏ ለስላሳ ስለነበር ታደገ አልተቆጣም። ሰው በአባቱ ሲመጡበት ይቆጣል፤ ስለ አባቱ ሕመም ሲጠይቁት ግን ዝም ይላል።

ከአውቶቡሱ ወርደው ከፎቁ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አረፉ። ይሁዲት ቀጠለች።

«ቅዳሜ፣ በሰንበት፣ ባልዲውን ያነሳሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው? በሰንበት!»

«ይቅርታ። እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው። እሑድ ጠዋትስ እጅዎ ምን ይመስላል?»

ታደገ አሰበ። ያለፈው እሑድ ጠዋት ጣቶቹ ተዘርግተው ነበር። የጫማውን ክር ራሱ አሰረ። ማታውኑ ተመልሰው አበጡ።

«እሑድ ይሻለዋል» አለ ቀስ ብሎ።

«ለሰው ዕረፍት ከታዘዘ ለእጅስ አይገባውም? ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራው ሰዓት አይደለም። በሥራው ይደክማል፣ በዕረፍቱ ይጠገናል። አንጓና ጅማት ደግሞ ከጡንቻም ይዘገያሉ። እርስዎ ሳይጠገን ያፈርሱታል።»

«ባርፍ ይላላል እንጂ ይጠነክራል?»

«ብረት ሳይግል ቢመቱት ምን ይሆናል?»

«ይሰነጠቃል። እጅ ግን ብረት አይደለም፣ ልጄ።»

«ልክ ነዎት፣ አይደለም። የተሰነጠቀ ማረሻ ቀልጦ ሌላ ይሠራበታል። የተሰነጠቀ እጅስ?»

ታደገ ሳቀ። «አንቺን ያገባ ሰው መከራውን አየ» አለ።

ይሁዲት ከመሬት አንድ እንጨት አንስታ ሰጠችው። «እስቲ ሽጉጥ ነው ብለው ይያዙት።» ያዘው። እንጨቱ ተንቀጠቀጠ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ተገታተረ።

«እንዲህ አድርገው ምን ነበር የሚይዙት ድሮ?»

ጥያቄው ሳያስበው መታው። ጉጠት ነው። በጉጠት የጋለ ብረት የያዘ ሰው አንዲት ጊዜ ከላላ ብረቱ ይፈናጠራል፤ እግር ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ቀጥቃጭ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጨብጣል፤ ሠላሳ ዓመት እንዲያ ሲጨብጥ የኖረ እጅ ሌላ አያውቅም። ታደገ ሽጉጡን የያዘው እንደ ጉጠት ነበር።

«ልጅ ይዘው መንገድ ሲያሻግሩ እንዴት ነው የሚይዙት?» አለችው። «እንዳያመልጥ ያጠብቃሉ፤ ግን አያሳምሙትም። ሽጉጥም እንደዚያ ነው። ግራ እጅዎ ከቀኙ ይልቅ አጥብቆ ይጨብጥ። የእጅ አንጓዎ ቀጥ ይበል፣ አይቆልመም። የቀኙ ጠቋሚ ጣት ነጻ ይሁን። ጣቶች ወንድማማች ናቸው፤ አንዱን ሲጠሩት ሁሉም ይመጣሉ። ጠቋሚው ብቻውን መምጣት ይልመድ።»

«እሺ። ከነገ ጀምሬ...»

«ከነገ ጀምረው ያርፋሉ። ኩፓት ሖሊም ክሊኒክ ሄደው ሐኪም ይየው። እብጠቱ ሳይጠፋ ምንም አናነሳም።»

«አምስት ሳምንት ነው የቀረኝ! ልተኛበት?»

«ሳቭላኑት፣ አያ ታደገ። ትዕግሥት።»

«ይህችን ቃል ከመጣሁ ጀምሮ በየቢሮው እየሰማኋት ነው። አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልሰጠችኝም።»

ሐኪሙ አጥንቱ ደህና መሆኑን፣ የተቆጣው ጅማቱ መሆኑን ነገረው። ዘጠኝ ቀን አረፈ። እንደዚያ የከበደው ሥራ በሕይወቱ አላየም። ከዚያ ልጅቱ ያዘዘችውን ጀመረ። በመጀመሪያ እጁን በሞቀ ውኃ ያሞቃል። ለስላሳ የጎማ ኳስ ቀስ ብሎ ይጨምቃል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። እርጥብ ፎጣ ይጠመዝዛል። የአትክልት ማሰሪያ ላስቲክ በአምስቱ ጣቶቹ ላይ አጥልቆ ጣቶቹን ይከፍታል። «ሁልጊዜ የሚዘጋ እጅ እንደታጠፈ ይቀራል፤ መክፈትም ሥራ ነው» ብላው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። አርብ አርብ ጠዋት ወንበሩ ላይ እየተገናኙ በሽጉጥ አምሳል ከጠረበው የባሕር ዛፍ እንጨት ጋር አያያዙን ይለማመዳል።

አንድ አርብ የዕድሜ እኩያው አግደው አየው። እሱም የድሮ ቀጥቃጭ ነው፤ ምላሱ እንደ ሞረድ ነው።

«ታደገ! የልጅ ኳስ ይዘህ ትጫወታለህ አሉኝ፤ አላመንሁም ነበር። ተኩስ ከሴት ልጅ! እስክስታውንስ ማን ያስተምርህ?»

ይሁዲት ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ታደገ ግን ደሙ ፈላ። ልጅቱ ስትሄድ ባልዲውን አወጣና አግደው እያየው ሁለቴ ፎቁን ወጣ ወረደ። በሦስተኛው የአውራ ጣቱ ሥር እንደ መርፌ ወጋው። አላቆመም። ሰው እያየው ማን ያቆማል? ማታ ማንኪያው እየወደቀ ሲያስቸግረው አበቡ ከእጁ ተቀበለችው፤ ልታጎርሰውም እጇን ዘረጋች። ታደገ ያኔ ደነገጠ። አባቱን የምታጎርሰው እናቱ ታየችው።

በነጋታው፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ፎቁን ወጥቶ የይሁዲትን በር አንኳኳ።

«አጥፍቻለሁ» አላት።

«ስንት ጊዜ አነሱ?»

«ሦስት።»

«ሲወጋዎት አቆሙ?»

«አላቆምሁም። አግደው ቆሞ ነበር።»

ልጅቱ አልተቆጣችም። «ሁለት ዓይነት ሕመም አለ፣ አያ ታደገ» አለች። «ጡንቻ ሲደክም እንደ ሙቀት ነው፤ ይነድዳል፣ ይከብዳል፣ በማግስቱ ይለቃል። አንጓ ሲጎዳ ይወጋል። የመጀመሪያውን ይታገሡት። ሁለተኛው ሲመጣ ንጉሥ ቆሞ ቢያይዎት እንኳ ያቁሙ። አምስት ቀን እንደገና ያርፉ።»

እዚህ ላይ ታደገ ከልቡ አመነ። ምክር ሲሰጡን እንሰማለን፤ የምናምነው ግን ምክሩን ጥሰን ዋጋውን ከከፈልን በኋላ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። በተኩስ ሜዳው አምስት ወጣቶችና ታደገ ተሰለፉ። ሽጉጡን ያዘ፤ ግራው አጠበቀ፣ ቀኙ ደገፈ፣ ጠቋሚው ብቻውን መጣ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ጥይቶች እጁ አልተንቀጠቀጠም። በሃያ አንደኛው ላይ የአውራ ጣቱ ሥር ወጋው።

ወጣቶቹ እያዩት ነው። ሺሞን ሰዓቱን እያየ ነው። ሃያ አንደኛው ከዒላማው ወጣ፤ ሃያ ሁለተኛውም ወጣ። ታደገ ሽጉጡን አስቀምጦ እጁን አነሳ።

«ረጋ» አለ በዕብራይስጥ፤ ቆይ ማለቱ ነው።

«ደከመህ?» አለ ሺሞን።

«አልደከመኝም። እጄ ዕረፍት ይፈልጋል።»

ከወጣቶቹ አንዱ ሳቀ። ሺሞን ወደ ሰዓቱ አየና «ሁለት ደቂቃ» አለ። ታደገ ጣቶቹን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ተነፈሰ። ሲመለስ አጥብቆ ጨብጦት የነበረውን ትንሽ ላላ አድርጎ ያዘ። የቀሩትን ስምንቱን ተኮሰ።

ሺሞን ቀዳዳዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሃያ ስድስት።

«ማነው ያሠለጠነህ? በዚህ ዕድሜ የሚያርፍበትን ሰዓት የሚያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ታደገ ወጣቶቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። «የጎረቤቴ ልጅ ናት። ይሁዲት ትባላለች።»

እሑድ ሥራ ጀመረ። በሳምንቱ አግደው ወንበሩ ላይ አገኘው። ሰላምታው እንደ ወትሮው በቀልድ አልተጀመረም።

«እስቲ ንገረኝ» አለ አግደው። «ምን አድርጋልህ ነው?»

«ያደረገችልኝ የለም፤ ያስተወችኝ ነው የሚበዛው። ባልዲ አስተወችኝ። እልህ አስተወችኝ። ጥቂት ሠርቼ ብዙ ባርፍ፣ እጄ ሳይሞቅ ባላነሳ፣ መጨበጥ ብቻ ሳይሆን መክፈትም ብለማመድ፣ ሲወጋኝ ባቆም፣ ይኸው ጠነከረ። ዛሬ የቤቴን ቁልፍ እከፍታለሁ፣ ሽንኩርት እይዛለሁ፣ የልጅ ልጄን አንጠልጥዬ አነሳለሁ። እንጀራዬን በራሴ እጅ እቆርሳለሁ። እኛ አግደው፣ እብጠቱን ጉልበት ስንለው ኖርን። አባቶቻችን ብርቱዎች ነበሩ፤ ግን ያወቁትን ያህል ነው ያስተማሩን። ያላወቁትን ከልጅም ቢሆን መቀበል እነሱን መናቅ አይደለም።»

አግደው አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ከኪሱ ቀኝ እጁን አወጣ። ሁለቱ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል። ታደገ ይህን እጅ ከኪስ ወጥቶ ካየ ዓመት አልፎታል፤ ምክንያቱን አስቦት አያውቅም ነበር።

«ይቺ ልጅ» አለ አግደው ወደ መሬት እያየ፣ «መቼ መቼ ነው የምትገኘው?»

ታደገ አልሳቀበትም።

«አርብ ጠዋት» አለው። «እኔም አብሬህ እቀመጣለሁ።»