ጥጃ ወይስ ወይፈን

ከቱላ ወደ መሃል ከተማ ስንሄድ ታክሲው ውስጥ በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጬ ነበር።

“ከርከሮው ጥጃ ያህላል” አሉ የቀኙ።

“የምን ጥጃ፣ ወይፈን ነው እንጂ” አሉ የግራው። “ከሞተ በኋላ አጠገቡ ተጋድሜ ለክቼዋለሁ፤ ቁመታችን እኩል ነው።”

“አንተ ራስህ አጭር ነህ።”

ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር አለች። “አባባ፣ ለምን በሚዛን አላስመዘናችሁትም?”

“ማን ሊበላው፣ ልጄ? ለጅብ ጥለነው መጣን” አሉ የግራው። “እንሰቴን ሲቆፍር አግኝቼው ብጮህ፣ ይሄ ሰውዬ ጦሩን ይዞ ከነውሾቹ ደረሰልኝ። በወሰን ተጣልተን ሰላም መባባል ካቆምን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።”

“አሁንስ ታረቃችሁ?”

“መታረቁን እንጃ። ለቆሰለው ውሻው መድኃኒት ልንገዛ እየሄድን ነው፤ መንገዱን ሙሉ ጥጃ ነው እያለ ያደርቀኛል።”

“ጥጃ ነው” አሉ የቀኙ።

“በመካከላችሁ ያለው አጥርስ?” አለች ሴትየዋ።

“ከርከሮው ሲሸሽ ጥሶታል። እስካሁን አላጠርነውም” አሉ የግራው።

“ምን ያስቸኩላል” አሉ የቀኙ።

ከፊት አንድ ወንበር ሲለቀቅ ተነስቼ ሄድኩና መካከላቸውን ባዶ ተውኩላቸው።