በጋለ ጎማ ላይ ውሃ

ዶን ኤሊዬሰር ቡስታማንቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጫካው ላይ ሲበሩ ወጀብም ጭጋግም ተቆጥቷቸው ያውቃል፤ በገዛ አውሮፕላናቸው ክንፍ ሥር ቆማ የምትቆጣቸው ልጅ ግን ገጥማቸው አታውቅም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ፑኤርቶ ካሪማ በምትባለው የወንዝ ዳር መንደር ሲያርፉ አሮጊቷ የጭነት አውሮፕላናቸው ቢራና ቆርቆሮ ታጭቆባት ከብዳ ነበር። መሬት የነካችው የማረፊያው ሜዳ ሊጋመስ ሲል ስለሆነ ሽማግሌው ፍሬኑን ረግጠው፣ ረግጠው፣ ወንዙ አፋፍ ላይ አቆሟት። የፍሬኑ ሸራ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወዲያው ጫኝና አውራጃቸው አርሴሲዮ ዘሎ ወርዶ ከወንዙ ውሃ በባልዲ ቀዳና ሮጠ። በዚያ አገር ልማዱ ይኸው ነው፤ የመንገደኛ እግር እንደሚታጠብ ሁሉ ያረፈች አውሮፕላን ጎማም ውሃ ይደፋበታል። ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም አልነበረም።

"ቁም! ከጎማው ጎን ዞር በል!" አለች አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ጥላ እየሮጠች።

አርሴሲዮ ባልዲውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዶን ኤሊዬሰር ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወረዱ።

"ማነሽ አንቺ? በሰው አውሮፕላን የምታዢው!"

"ያሚሌ እባላለሁ፣ ካፒቴን። የነርሷ የዶና ኦፌሊያ የእህት ልጅ ነኝ። አክስቴን ልጠይቅ መጥቼ ወደ ቪያቪሴንሲዮ የሚመልሰኝ እየጠበቅኩ ነው። ቦጎታ የአውሮፕላን ጥገና ተምሬያለሁ።"

"እሰይ! የጋለ ነገር በውሃ እንደሚበርድ ለማወቅ እኔ ቦጎታ መሄድ አላስፈለገኝም። እናቴ ማድ ቤት ነው የተማርኩት።"

"እናትዎ የጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱ ነበር?"

"ብርጭቆማ ይሰነጠቃል። ይሄ ብረት ነው፣ ልጄ!"

"ብረትም ይሰነጠቃል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ሁሉ ክብደት በምን አቆሙት? የአውሮፕላኗ ሩጫ የትም አልጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ውስጥ ገብቷል። አሁን ከፍሬኑ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ጎማው እየተጋባ ነው። ቆማለች ብለው አይመኑ፣ ግለቱ ገና ይጨምራል። ጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ ሲግል መውጫ ይፈልጋል። በዚህ ላይ ውሃ ሲደፉበት ቸርኬው ባንድ በኩል ይኮማተራል፣ በሌላው እንደጋለ ይቀራል። የፈነዳ ዕለት ስባሪው የሚወረወረው ወደ ጎን ነው። አርሴሲዮን የሚያቆሙት የት ነው?"

"እስከ ዛሬ ፈንድቶ ያውቃል?"

"ስላልፈነዳ ነው የሚደፉበት? አዲሶቹ ቸርኬዎች ሙቀት ሲበዛ ቀልጦ አየሩን የሚያስተነፍስ መድፈኛ አላቸው። የእርስዎ አለው?"

"የለውም!" አሉ ዶን ኤሊዬሰር፤ ደማቸው ፈላ። "ስሚ፣ ዛሬ ዓሣ ጭኜ እመለሳለሁ። ዓሣው የተቀመጠበት በረዶ እየቀለጠ ነው። አንቺ ስታስተምሪኝ ዓሣው ይሸታል!"

"ይሽተታ! የሸተተ ዓሣ ይጣላል። ይሄ ሰው ቢሞት ግን ለሚስቱ ምን ይሏታል?" ልጅቷ ወደ ባልዲው ጠቆመች። "ምንም አይሆንም ካሉ፣ ካፒቴን፣ እርስዎ ይድፉት።"

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ ሽማግሌውም ባልዲውን ከአርሴሲዮ እጅ መንጭቀው ወደ ጎማው ገሰገሱ። ከጎኑ ሲደርሱ ወላፈኑ ፊታቸውን ገረፋቸው። ውስጡ አንድ ነገር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጎማው ሲታጠብ ሁልጊዜ የሚያዩት ከአውሮፕላኗ አፍንጫ በኩል፣ ከሩቅ፣ ሲጋራ እያጨሱ ነበርና እንዲህ መሆኑን አያውቁም። ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ካፒቴን፣ ይስጡኝ፤ እኔ ለምጄዋለሁ" አለ አርሴሲዮ በትሕትና።

ይህች ቃል ከልጅቷ ቁጣ ሁሉ ይልቅ ዘለቀቻቸው። ውሃውን ሣሩ ላይ ደፉት። አፍረውም፣ ተናደውም ነበር፤ ንዴቱ ግን አሁን በልጅቷ ላይ አልነበረም።

"ታዲያ ምን ይደረግ?" አሉ ዝቅ ብለው።

ያሚሌ ከፊት በኩል ቀርባ ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ አስገባችና አውሮፕላኗ የተያዘችበትን ፍሬን አስለቀቀቻቸው፤ ፍሬን ከተያዘ ሙቀቱ ታፍኖ ይቀራል። ከዚያ ጎማውን ለነፋስ ተዉት፤ እስኪበርድ ያሚሌ የጎማ አያያዝ ስታስረዳቸው ቆየች። ሲበርድ ቸርኬውን በጨርቅ ወለወለችው። ከብሎኑ ቀዳዳ የሚጀምር፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጣ። አርሴሲዮ በጣቱ ዳሰሰውና እጁን ሳበ።

"የውሃው ሥራ ነው?"

"ነው ብዬ አልምልም፤ ውሃው ግን እንዲህ ያደርጋል" አለች። "በዚህ ቸርኬ ግን አይበረርም።"

ዓሣው ለመንደሩ ተከፋፈለ። ዶን ኤሊዬሰር ቸርኬ ሊያዝዙ ወደ አውሮፕላኗ ሬዲዮ ወጡ፤ አስቀድመው ግን በወንዙ ዳር ሜዳዎች ሁሉ ያሉትን አብራሪዎች ጠሩ።

"ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ የጋለ ጎማ ላይ ውሃ የሚያስደፋ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው! ወደ ጎማ ከፊት ወይም ከኋላ ነው የሚኬደው። ሜዳው መጀመሪያ ላይ እረፉ፣ ያኔ ፍሬኑ አይቃጠልም። ስትነሱም የአውሮፕላኗን እግር ቶሎ አትሰብስቡ፣ ነፋስ ያብርድላት። ጎማን በእርግጫ አትመርምሩ! ጠዋት ሳይግል በመለኪያ ለኩት፤ ናይትሮጅን ካገኛችሁ እሱን ሙሉ፣ እርጥበት የለውም፣ እሳትም አያግዝም። ሸራውና ጎማው ይበረክትላችኋል፣ ሰዎቻችሁም በእግራቸው ቤታቸው ይገባሉ።"

ከሬዲዮው ወዲያ ማዶ አንዱ አብራሪ ሳቀ።

"ማነው ደግሞ አስተማሪው?"

"ኤሊዬሰር ነኝ" አሉ። "ሰው ሳቆምበት የኖርኩት ቦታ ላይ ራሴ መቆም ያቃተኝ።"