የእየሩስ አባት፣ የአኩሪ አተሩ አቶ ምስክር

ለቅሶ ልትደርሱን ከዳባትም ከደባርቅም የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ ዕድሜ ልኬን አንተ ስል የኖርሁትን ታናሽ ወንድሜን ዛሬ እሳቸው ብዬ ሳነብላችሁ አንደበቴ ቢተሳሰር ታገሡኝ።

አቶ ምስክር ከአባታችን ከመምሬ ወልደ ሩፋኤልና ከእናታችን ከወይዘሮ አመተ ማርያም በ1959 ዓ.ም. ዳባት ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውንም ትምህርት ተከታትለው በግብርና ከተመረቁ በኋላ ቆላ ወርደው በአንድ የምርምር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት አኩሪ አተር ሲያዳቅሉ ኖሩ። እኛ ደገኞች ከገብስና ከባቄላ ሌላ አናውቅምና ስናሾፍባቸው፣ እየሳቁ ያስረዱን ነበር፤ የተክሉ ቁመትና የሚደርስበት ጊዜ ከወላጁ አጥብቆ ይወረሳል፣ ምርቱን ግን አፈሩና ዝናቡ ስለሚያዛቡት አንድ ዓመት ብዙ የሰጠውን አንድ እግር ተክል አይቶ ለዘር መምረጥ ያሳስታል። ስለዚህ ከምርቱ ጋር አብሮ የሚሄደውን፣ ፍሬ ያቀፈውን ቆባ፣ በየእግሩና በየማሳው ክረምት ከክረምት እየቆጠሩ፣ ፊታቸው በፀሐይ እስኪከስል ደክመው ሁለት የተሻሻሉ ዝርያዎች ለገበሬው አበቁ።

በ1988 ዓ.ም. ወይዘሮ የሺወርቅን በተክሊል አገቡ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። በጣቢያው አረም ታርም የነበረች እናቷ በወባ የሞተችባትን የሦስት ዓመት ሕፃን እየሩስን ወደ ቤታቸው ሲያስገቡ፣ እኔ ታላቃቸው ዘር ከልጓም ይስባል፣ የአባታችንም መሬት ለባዕድ አይተርፍም ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸው ክፉ ሳይመልሱልኝ ማሳቸው ድረስ ወስደው ከአንድ ከረጢት ዘር የተዘሩ ሁለት መደቦች አሳዩኝ፤ የታረመው በፍሬ ጎብጧል፣ አረም የዋጠው ባዶውን ቆሟል። ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ ነገር ግን ግትር ነኝና ከቃሌ አልተመለስሁም።

ኩላሊታቸውን ታመው ሰባት ወር ሲተኙ፣ ዛሬ ነርስ የሆነችው እየሩስ አጥባ፣ አጉርሳ፣ አገላብጣ አስታመመቻቸው። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ እየሩስ በዚህች የሕይወት ታሪካቸው ወረቀት ላይ «ያሳደጓት» ተብላ እንዳትጻፍ። እሳቸውም በ58 ዓመታቸው፣ መልሴን ሳይሰሙ፣ አርብ ማለዳ ዐረፉ። ይህ እስከ መቃብሬ ይቆጨኛል።

አቶ ምስክር ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺወርቅን፣ ልጃቸውን ወይዘሪት እየሩስ ምስክርን፣ እኔንም ወንድማቸውን ሰይፈ ሥላሴን ትተው ሄደዋል። የቅዱሳን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ማኅበር ይደምርልን፤ ልጃችንን እየሩስንም ያጽናልን። አሜን።