የወይዘሮ ዘነበች ወረንጦና የወይዘሮ ራቢዓ ዓይን

ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከዋጃ በዚህ ሐሩር ደክማችሁ እናታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። እኔ የበኩር ልጃቸው አያሌው የኑሯቸውን ታሪክ አነብላችኋለሁ።

ወይዘሮ ዘነበች ይርጋ ከአባታቸው ከአቶ ይርጋ ውዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉ በ1922 ዓ.ም. በቆቦ አቅራቢያ ተወለዱ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ አሁን በሕይወት ከሌሉት ከአባታችን ከአቶ ሞላ ጋር በሕግ ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በልጅነታቸው ፊደል የሚያስቆጥራቸው ባይገኝም፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጎረምሶች ጋር እየተፎካከሩ ማንበብ ቻሉ፤ ከማንም ማነስ ድሮውንም አይሆንላቸውም ነበር።

ሥራቸውን የማያውቅ የለም። የዓይን ማዝ የቆየበት ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየወጋ ያሰቃየዋል፤ እናታችን ያንን ፀጉር በወረንጦ እየነቀሉ ሰዉን ያሳርፉ ነበር። ከደንበኞቻቸው ሁሉ የሮቢቷ ወይዘሮ ራቢዓ በየገበያው ቀን እየመጡ፣ የእናታችንን ጭን ተንተርሰው ሲያወጉ ይውሉ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ ልጆቻቸው በዚያ ጭን ላይ ያን ያህል አልቆየንበትም።

በ1971 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጡ ሐኪሞች ከጤና ጥበቃ ባለሙያዎቻችን ጋር ተባብረው፣ መድኃኒቱ ከአንዱ አገር፣ መሣሪያው ከሌላው ተልኮ፣ የታጠፈውን ቆብ በቀዶ ሕክምና ማቃናት ጀመሩ። ለሌላው የምሥራች ሲሆን እናታችንን ግን ቅናት አላስቀምጥ አላቸው። በወረንጦ የተነቀለ ፀጉር መልሶ ይበቅላል፣ ራቢዓም ትመለሳለች፤ ከመጡት አንዷ፣ ፈረንጇ ሐኪም ካዳነቻት ግን በምን ምክንያት ትመጣለች? ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ዓይን ያፈስሳል ብለው አስፈራሯቸው፤ ወይዘሮ ራቢዓም አምነው ቀሩ።

ክረምቱ ሲወጣ ግን በወይዘሮ ራቢዓ ብሌን ላይ የዕውርነት መጀመሪያ የሆነው ነጭ ነጥብ ታየ። እናታችን ይህን ሲያዩ ወረንጧቸውን አስቀምጠው የወዳጃቸውን እጅ ይዘው ሐኪሞቹ ዘንድ ወሰዷቸው፤ የሌላ ሴት እጅ በዚያ ቆብ ላይ ሲያርፍም ፊታቸውን አጥቁረው በር ላይ ቆመው ተመለከቱ። ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ወይዘሮ ራቢዓ ቁስላቸው እንደ ሻረ በገበያ ቀን መጡና፣ እንደ ልማዳቸው በእናታችን ጭን ላይ ጋደም ብለው፣ «ዘኑዬ፣ እኔ አንቺን ብዬ እንጂ ወረንጦሽን ብዬ መች መጣሁ?» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ እናታችን ደንበኞቻቸውን ከየመንደሩ እየሰበሰቡ ለሐኪሞቹ አስረከቡ። በሐኪሟ ላይ የያዙት ቅናት ግን አልበረደላቸውም፤ ስለ ስፌቷ ሲጠየቁ «ደህና ነው» ከማለት በቀር አላመሰገኗትም።

ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው በዚህ በ1980 ዓ.ም. አረፉ። ከማረፋቸው በፊት አስጠርተውኝ፣ «ዜና ሕይወቴ ሲነበብ ከልጆቼ በፊት ራቢዓ ትጠራ» ብለው አዘዙኝ። ቅናቱንም ከእሳቸው ወርሼው ይሆናል፣ እጅግ ቅር አለኝ፤ እህቶቼም አኮረፉ። የእናት ቃል ግን አይታጠፍም።

እናታችን ወይዘሮ ራቢዓን፣ ከእርሳቸውም ቀጥሎ ሦስት ልጆችንና ስድስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ራቢዓ መጽናናትን ይስጥልን፤ ቀጥሎም ለእኛ።